ስለ ማርጂን ጅማ ላይ የሚባለውና እውነታው

ጅማ ላይ የቡና ዋጋ በተነሳ ቁጥር ኒውዮርክ አብራ ትነሳለች። ላኪው ከውጭ ገዢ ጋር ሲዋዋል አብዛኛውን ጊዜ የኒውዮርክን የቡና ገበያ ዋጋ መነሻ ያደርግና የተወሰነ ሳንቲም ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በስልኩ ፎሬክስ (የውጭ ገንዘብ ግብይት) የሚሞክር ወጣትም አይጠፋም። ላኪውም ወጣቱም ማርጂን የሚባለውን ነገር ይሰማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን በተሳሳተ መንገድ ነው የሚረዱት። ይህ ስህተት የሰው ጥሪት ስለሚያሳጣ በደንብ መታረም አለበት።

«ማርጂን ቀብድ ነው፤ ቀሪውን በኋላ እከፍላለሁ»

ቀብድ ከዋጋው ላይ ይታሰባል፤ ማርጂን አይታሰብም። ማርጂን ነገ ብትከስሩ ኪሳራው የሚሸፈንበት ማስያዣ ነው። ለዚህም ነው ገዢ ብቻ ሳይሆን ሻጭም የሚያስይዘው። ቀብድ የሚከፍል ሻጭ የለም።

«የማርጂን ጥሪ ሲመጣ የጎደለችውን ብሞላ ይበቃል»

ፊውቸርስ ወደፊት ለሚረከብ ቡና ዋጋው ዛሬ የሚቆረጥበት ውል ነው። ኒውዮርክ ላይ አንድ የአረቢካ ፊውቸርስ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ ወደ 17 ቶን፣ ወይም በ60 ኪሎ ጆንያ 283 ያህል። ዋጋው በፓውንድ 1 ሳንቲም ሲንቀሳቀስ ውሉ ላይ 375 ዶላር ይወጣል ወይም ይገባል። ሂሳቡ በየቀኑ ይወራረዳል፤ የዛሬ ኪሳራ ዛሬ ማታ ከማስያዣው ላይ ይቀነሳል። ማስያዣው ከተወሰነ ወለል በታች ሲወርድ «ሙሉ» ተብሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው የማርጂን ጥሪ የሚባለው።

ለስሌት እንዲመቸን የመነሻ ማርጂኑን 8,000፣ ሂሳቡ ሊወርድበት የማይገባውን ወለል ደግሞ 7,000 ዶላር እናድርገው። በ2.80 ዶላር ሸጣችሁ ዋጋው 5 ሳንቲም ቢጨምር 1,875 ዶላር ይቀነስና 6,125 ይቀራል። ከወለሉ የጎደለው 875 ነው። የምትጠየቁት ግን 1,875 ነው፤ ምክንያቱም ጥሪ ከመጣ ሂሳቡ መመለስ ያለበት ወደ ወለሉ ሳይሆን ወደ መነሻው ነው።

«ቡናው መጋዘን ውስጥ ስላለኝ ዋጋ ቢወጣ አልጎዳም»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ የሚሳሳቱትም ጠንቃቃ ነጋዴዎች ናቸው። አንድ ላኪ ዋጋ ይወርድብኛል ብሎ በእጁ ባለው ቡና ልክ ፊውቸርስ ይሸጣል። ዋጋ ከወጣ ፊውቸርሱ ላይ ይከስራል፣ ቡናው ላይ ደግሞ ያተርፋል፤ በወረቀት ሲታይ ሁለቱ ይካካሳሉ። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። የፊውቸርሱ ኪሳራ በማግስቱ በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል። የቡናው ትርፍ ግን ቡናው ከጅማ ወጥቶ፣ ተበጥሮና ተዘጋጅቶ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ ሰነዱ ባንክ ገብቶ ገዢው ሲከፍል ነው የሚገኘው። በመካከሉ ሳምንታት ያልፋሉ።

አረቢካ በ2024 መጀመሪያ ከ2 ዶላር በታች ነበር፤ በየካቲት 2025 ከ4 ዶላር አልፏል (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የ2 ዶላር ጭማሪ በአንድ ውል 75,000 ዶላር ነው፤ በ10 ውል 750,000። ቡናው ሙሉ በሙሉ በእጁ ያለ ነጋዴም ይህን ገንዘብ ካላገኘ ውሉ ይዘጋበታል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው ተመልሶ ቢወርድ ቡናው ያለ መከላከያ ይቀራል። ከኢትዮጵያ ዶላር ወደ ውጭ መላክ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ መመሪያ በኩል የሚያልፍ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል ብሎ ማቀድ አይቻልም። በእኛ እምነት ለአብዛኛው ላኪ የሚሻለው ፊውቸርሱን ገዢው በራሱ ሂሳብ እንዲይዝ፣ ላኪው ግን ዋጋ የሚቆርጥበትን ቀን የመምረጥ መብት እንዲኖረው ውሉ ላይ ማስፈር ነው። ያኔ በየቀኑ የሚመጣው ጥሪ የገዢው ይሆናል።

«ካስያዝኩት በላይ አልከስርም»

ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ለዩሮ ያስቀመጠውን የ1.20 ፍራንክ ወለል በድንገት አነሳ። ፍራንክ በደቂቃዎች ውስጥ ተተኮሰ፤ በመካከል የሚገዛም የሚሸጥም ስላልነበረ የኪሳራ ማቆሚያ ትዕዛዞች በተባሉበት ዋጋ አልተፈጸሙም፣ ብዙ ሂሳቦችም ከዜሮ በታች ወረዱ። ሚያዝያ 20 ቀን 2020 ደግሞ የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የግንቦት ውል በበርሜል ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ላይ ተዘጋ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ ተራ ደንበኛ እንደ ፎሬክስ ባሉ የስልክ ግብይቶች ካስቀመጠው በላይ እንዳይጠየቅ ደንግጓል። ከኅብረቱ ውጭ በተመዘገበ ብሮከር (አገበያይ ድርጅት) ዘንድ ግን የሚጠብቃችሁ በዋናነት ውሉ ላይ የተጻፈው ነው።

«1፡500 ሌቨሬጅ ማለት ብሮከሩ ገንዘብ ጨመረልኝ ማለት ነው»

1፡500 ማለት ማርጂኑ 0.2 በመቶ ነው ማለት ነው። 100 ዶላር አስይዛችሁ 50,000 ዶላር ታንቀሳቅሳላችሁ፤ ገበያው 0.2 በመቶ ሲዞርባችሁ 100ው ያልቃል። ዩሮ 1.10 ዶላር ሲሆን ይህ 22 ፒፕ ብቻ ነው (አንድ ፒፕ 0.0001 ዶላር ነው)። ብሮከሩ ሂሳቡን ማርጂኑ 50 በመቶ ሲቀር የሚዘጋ ከሆነ 11 ፒፕ ይበቃል፤ ከዚህም ላይ የመግዣና የመሸጫ ልዩነቱ ገና ሲከፈት ይቀነሳል። የአውሮፓ ኅብረት ለተራ ደንበኛ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ የፈቀደው ጣሪያ 1፡30 ነው።

«ሳይደውሉልኝ አይዘጉብኝም»

ይዘጋሉ። አብዛኛው ውል ብሮከሩ ያለ ማስታወቂያ እንዲዘጋ ይፈቅዳል። ገበያው ሲናወጥ የማርጂኑ መጠን ራሱም ከፍ ሊል ይችላል፤ አዲሱ መጠን ቀድሞ የተከፈተውን ውልም ይነካል።

«ከባንክ ጋር በቀጥታ በምንፈርመው ውል፣ ከዝቅተኛው መጠን በላይ ያለውን ብቻ ነው የምንከፍለው»

ከገበያ ውጭ ከባንክ ጋር በቀጥታ በሚፈረም የዋጋ ወይም የምንዛሪ መከላከያ ውል የማስያዣው ነገር በአባሪ ይጻፋል። ሁለት ቁጥሮች እዚያ ላይ ይምታታሉ። አንደኛው ያለማስያዣ የሚታለፈው የዕዳ መጠን ነው (ዕዳ ማለት ውሉ ዛሬ ቢዘጋ ለባንኩ የምትከፍሉት ነው)፤ 1,000,000 እንበል። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ የሚተላለፈው ዝቅተኛ መጠን ነው፤ 250,000 እንበል። ዕዳው 1,200,000 ከሆነ ትርፉ 200,000 ስለሆነ ምንም አይከፈልም። 1,300,000 ሲደርስ የሚከፈለው 300,000 በሙሉ ነው፤ 50,000 አይደለም። ሁለተኛው ቁጥር መክፈል የሚጀመርበት በር እንጂ ቅናሽ አይደለም።

ማስያዣው ቦንድ ከሆነም በሙሉ ዋጋው አይቆጠርም። የ4 በመቶ ቅናሽ ካለበት 300,000 ለመሸፈን የ312,500 ቦንድ ማቅረብ ያስፈልጋል። በስሌቱ ካልተስማማችሁም ጥሪውን ዝም ብላችሁ አትለፉት። በተለመደው አባሪ የማትከራከሩበትን ክፍል በቀነ ገደቡ ከፍላችሁ የቀረውን በጽሑፍ ትከራከራላችሁ፤ ጭራሽ ካልከፈላችሁ ግን ባንኩ ውል እንዳፈረሰ ሰው ሊቆጥራችሁና ሁሉንም ውል ሊዘጋ ይችላል።