የውክልና ጦርነት ምንድን ነው?

አንድ መንግሥት ባላንጣውን በራሱ ስም ሳይሆን በእጅ አዙር፣ በሌላ ታጣቂ ሲወጋ የውክልና ጦርነት ይባላል። ታጣቂው የራሱ ብሶትና ዓላማ አለው። የውጭው መንግሥት የሚጨምርለት መሣሪያ፣ ስንቅ፣ የሬዲዮ ጣቢያ፣ በዓለም መድረክ ጠበቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደጀን ነው። ጥይት ከጠላት ይማረካል። ቁስለኛ የሚታከምበት፣ ምልምል የሚሠለጥንበት፣ አሳዳጅ ጦር የማይገባበት መሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከጎረቤት አገር ነው።

ድሬዳዋ ይህን ከሁለቱም ወገን አይታዋለች። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ያስታጠቀችው፣ ኦጋዴንን ከኢትዮጵያ ለመገንጠል የሚዋጋው የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር ድልድይ እያፈረሰ የጅቡቲን የባቡር መስመር ቆረጠ። ሐምሌ ላይ መደበኛው የሶማሊያ ጦር ተከተለ፤ ነሐሴ ላይ ታንኮቹ ከተማዋ ዳርቻ ደረሱ። መቃዲሾ ግን እስከ የካቲት 1970 ዓ.ም. ድረስ «የሚዋጋው ግንባሩ ነው» ትል ነበር። ለላኪው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ይወጋል፣ ይክዳል። ሆኖም ታንክ ከጫካ አይበቅልም። የውጭ እጅ መኖሩን ለማወቅ መጀመሪያ የሚታየው መሣሪያው ነው፤ ቀጥሎ ውጊያው የሁለቱን መንግሥታት ጠብና እርቅ እየተከተለ መጋሉና መብረዱ ነው። እነዚህ ሳይታዩ ብሶት ያሰማን ሁሉ «የውጭ ተላላኪ» ማለት ለላኪው አዲስ ምልምል ማዘጋጀት ነው።

በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ተራው ተገለበጠ። የሶማሊያውን ፕሬዚዳንት ዚያድ ባሬን የሚወጋው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ዋና ጽሕፈት ቤቱን ከለንደን ወደ ድሬዳዋ አዛወረ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያው መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተፈራረሙ። ንቅናቄው ግን በድርድሩ ውስጥ አልነበረም፤ የቆመለት ጥያቄም አልተነሣም። ደጀኑን ሊያጣ መሆኑን ሲያውቅ አልተበተነም፤ ግንቦት ላይ የሰሜን ሶማሊያ ከተሞችን ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን በአየርና በመድፍ ደበደበ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ሁለቱ ከተሞች ያሉባት ሶማሌላንድ ነጻነቷን ያወጀችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው።

ኤርትራን ደጀን አድርጎ የኢትዮጵያን መንግሥት ይወጋ የነበረው የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻነት ግንባር ከኤርትራ የተመለሰበት መንገድ ይለያል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የአስመራው ስምምነት ሲፈረም የፈረመው ግንባሩ ራሱ ነበር፤ ታጋዮቹም ትጥቅ ፈትተው አገር ቤት ገቡ።