ፕሪ-ሎው ዲግሪ ነው እንዴ?

አሜሪካ ያሉ ብዙ የኛ ወላጆች ልጃቸው ጠበቃ መሆን ሲፈልግ "ሃይስኩል እንደጨረሰ ሕግ ይግባ" ይላሉ። አይፈረድባቸውም። አገር ቤት ሕግ ከ12ኛ ክፍል በኋላ የሚገባበት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። አሜሪካ ግን መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ፣ ቀጥሎ ሦስት ዓመት ሎው ስኩል ነው። መጨረሻ ላይ የሚገኘው ዲግሪ ጄዲ ይባላል።

ፕሪ-ሎው የሚባለው ታዲያ በአብዛኛው ምክር ነው። ወደ ሕግ ማምራት የሚያስብ ተማሪ ኮርስ እንዲመርጥና ማመልከቻ እንዲያዘጋጅ የሚረዳ አማካሪ ያገኛል። በቃ። ሜጀሩ ታሪክም ይሁን ባዮሎጂ ማመልከት ይችላል። ከሜጀሩ ስም ይልቅ የሚመዝነው ጂፒኤ ነው፤ ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ ወዶ የሚያጠናውን ይምረጥ።

ሌላው ትልቅ ነገር ኤልሳት የሚባለው የሎው ስኩል መግቢያ ፈተና ነው። ስሙ ቢያስፈራም አንድም የሕግ አንቀጽ አይጠይቅም። አንብቦ መረዳትንና ማመዛዘንን ይፈትናል፤ ውጤቱም ከ120 እስከ 180 ነው። ብዙዎችን ያስለቀሰው የሎጂክ ጌም ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል።

ኢትዮጵያ በሕግ ተመርቆ የመጣ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። ኤልኤልኤም ለሚባለው የአንድ ዓመት የሕግ ማስተርስ ማመልከት ይችላል፤ ለዚያ ኤልሳት አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ግን ኤልኤልኤም ሁሉ ለባር ፈተና (ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና) ያስቀምጣል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ኒውዮርክ ቢያንስ 24 ክሬዲት፣ ከነዚህም ውስጥ የተወሰኑ የግዴታ ኮርሶች ትጠይቃለች። ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል፤ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ልትሠሩበት ያሰባችሁትን ስቴት ደንብ አንብቡ።