ሲሚንቶ የግንድ ቤት አያድንም

ቶሮንቶ ውስጥ አናጢ ነኝ፤ አሮጌ የእንጨት ቤት እጠግናለሁ። ደንበኞቼ ስለ ስካዲንግ ቤት ሲያወሩ ተመሳሳይ ስህተት ደጋግሜ እሰማለሁ። በኤግዚቢሽን ግቢ ውስጥ ያለችው ትንሿ የግንድ ቤት ናት፤ በ1794 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ በከተማዋ ካሉት ቤቶች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ።

«ከጥንትም እዚያው ነበረች።» አልነበረችም። የተሠራችው ከዶን ወንዝ ማዶ በስተምሥራቅ ነው። በ1879 ዮርክ ፓዮኒርስ የሚባለው የታሪክ ማኅበር አንስቶ አሁን ወዳለችበት ወሰዳት። የባለቤቱ የጆን ስካዲንግ መሬት ከኦንታሪዮ ሐይቅ እስከ ዛሬው ዳንፎርዝ ጎዳና ይደርስ ነበር። እንጀራ የምንገዛበት ዳንፎርዝ!

«ባለቤቱ ራሱ ጠርቦ ሠራት።» የሠሩለት የዚያን ጊዜው አገረ ገዥ የሲምኮ ወታደሮች ናቸው።

«የግንድ ቤት የእንግሊዝ ጥበብ ነው።» ወደ ሰሜን አሜሪካ ያመጡት በ1638 ደላዌር የሰፈሩት ስዊድኖችና ፊንላንዶች ናቸው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው፦ «በግንዶቹ መሃል ያለውን ጭቃ አውጥተህ በሲሚንቶ ድፈነው፣ ይጠነክራል።» ጭቃ የድሃ ነው ብለው ያስባሉ።

አንድ ያገሬ ልጅ ከከተማ ወጣ ብሎ አሮጌ የግንድ ቤት ገዛና ጠራኝ። ከእኔ በፊት የመጣ ሠራተኛ ክፍተቱን በሙሉ ሲሚንቶ ሞልቶታል። ከውጭ ያምራል። የታችኛውን ግንድ በካቻቢቴ ወጋሁት፤ እስከ እጀታው ድረስ ገባ።

እንጨት ይንቀሳቀሳል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም፤ ስለዚህ በመሃላቸው የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይከፈታል። ዝናብ በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ግንዱ ከውስጥ ሲበሰብስ ከውጭ ምንም አይታይም። ጭድ የገባበት ጭቃና ኖራ ግን ለስላሳ ናቸው፤ እርጥበቱንም ያስወጣሉ። ሲሰነጠቁ መልሶ መምረግ ነው። እናቶቻችን የጭቃ ግድግዳ እየቆዩ የሚመርጉት ስላላወቁ አይደለም!

እንዲህ ዓይነት ቤት ካላችሁ መጀመሪያ ጣራውንና አሸንዳውን እዩ። ግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ዝቅ አድርጉ፤ በክረምት በረዶ አትቆልሉበት። ግንዱን ውሃ የማያሳልፍ ቀለም አትቀቡት። የበሰበሰ ካለ ሙሉውን ግንድ አታውጡ፤ የተጎዳውን ብቻ ቆርጣችሁ በዚያው ዓይነት እንጨት ተኩ። ኖራ ሳይደርቅ ውርጭ ካገኘው ይረግፋል። ስለዚህ ምርጊቱን በሞቃቱ ወራት ጨርሱት።