አሮጌውን ስሪት መቼ እንተወው? የዳታ ላይብረሪዎች ውሳኔ ከጅማ ሲታይ

ኦፕን ሶርስ የሆነ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) የዳታ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ፣ ብቻውን አይቆምም። እንደ አየር ንብረት ያለ መረጃ የሚተነተንበትን ኤክስአሬይን ብንወስድ ከሥሩ ነምፓይ (ለቁጥር ስሌት) እና ፓንዳስ (ለሰንጠረዥ መረጃ) አሉ። ፓንዳስም ራሱ ያለ ነምፓይ አይሠራም፣ ሁሉም ደግሞ ያለ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ። ዲፔንደንሲ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም በራሳቸው ጊዜ አዲስ ስሪት ያወጣሉ። ስለዚህ ፕሮጀክቱን የሚመሩት ሰዎች ከየትኛው ስሪት በታች ያለውን መደገፍ እንደሚያቆሙ መወሰን አለባቸው። የፕሮግራመሮች የውስጥ ጣጣ ይመስላል። ግን ጅማ ቁጭ ብሎ የጊልጌል ጊቤን ተፋሰስ ዝናብ ከቺርፕስ የሳተላይት መረጃ የሚያሰላ የማስተርስ ተማሪም ሳይቀር ውሳኔው ላፕቶፑ ድረስ ይመጣበታል።

ሁሉንም ለምን አይደግፉም? ሂሳቡ አይፈቅድማ። አራት የፓይተን፣ ሦስት የነምፓይና ሦስት የፓንዳስ ስሪት እንደግፋለን ብትል 36 ጥምረት ሆነ፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ልሞክረው ስትል ደግሞ 108። ብዙ ፕሮጀክቶች ሁለቱን ጫፎች፣ ማለትም የመጨረሻውን አሮጌና የመጨረሻውን አዲስ፣ ሞክረው መሀሉን በእምነት ያልፉታል። በዚያ ላይ ኮዱ «ስሪቱ አሮጌ ከሆነ እንዲህ አድርግ» በሚሉ መስመሮች ይሞላል። ይህን ሁሉ ብዙዎቹ የሚሠሩት ደግሞ በትርፍ ሰዓታቸው ነው።

ድሮ ሁሉም እንደመሰለው ነበር የሚወስነው። ፓይተን 3 በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወጥቶ የቀደመው ትውልድ የመጨረሻ ስሪት 2.7 በይፋ ያበቃው ጥር 1 ቀን 2020 ነው። ከ11 ዓመት በላይ ሁለቱንም የተሸከመ ፕሮጀክት ብዙ ነው። ከዚያ ድካም በኋላ በ2019 የነምፓይ ሰዎች ኔፕ 29 የሚባለውን ሰነድ አወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ክርክሩን ትተን ቀን እንቁጠር። ባለፉት 42 ወራት የወጡ የፓይተን ስሪቶች ይደገፋሉ፣ ባለፉት 24 ወራት የወጡ የነምፓይ ስሪቶችም እንዲሁ። በኋላ የመጣው ተመሳሳይ ሰነድ ስፔክ 0 ለፓይተን ሦስት ዓመት፣ ለዋና ዋናዎቹ ላይብረሪዎች ሁለት ዓመት አደረገው። ኤክስአሬይ ደግሞ የራሱን ጠበቅ ያለ ሰሌዳ ይዞ ቆይቷል፦ ለፓይተን 30 ወር፣ ለነምፓይ 18፣ ለቀሪዎቹ 12።

ልብ በሉ፣ ፓይተን ራሱ እያንዳንዱን ስሪት ለአምስት ዓመት ያህል ይጠግናል። የሳይንስ ላይብረሪዎቹ ቀድመውት ነው የሚሄዱት። እኔ በቀን መቁጠሩን እደግፋለሁ። መቼ እንደሚያበቃ ሁሉም አስቀድሞ ያውቃል፣ በየጊዜው መጨቃጨቅም የለም። የቀን ሰሌዳ የማያየው ነገር ግን የሰዉን ማሽን ነው።

ጅማ ላይ ዛሬም ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ኮምፒውተር ብታገኙ አይግረማችሁ። በዚያ ማሽን ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ 3.9 ዊንዶውስ 7ን አይቀበልም። 3.8 የወጣው ጥቅምት 14 ቀን 2019 ነበርና 42 ወሩ የሞላው ሚያዝያ 14 ቀን 2023 ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ የወጣው ነምፓይ 1.25 ከ3.9 ጀመረ። ስለዚህ ይህ ማሽን ነምፓይ 1.24 ላይ ቆሟል፣ ፓንዳስም 2.0 ላይ። ያሳዝናል? እስቲ ቆይ። 1.24 እኮ አሁንም ይወርዳል፣ ይሠራልም። መደገፍ ማቆም ማለት አዲስ ጥገና አይመጣም ማለት ነው እንጂ አሮጌውን ማንም አላጠፋውም።

ዋናው ነገር ፕሮጀክቱ የሚፈልገውን ዝቅተኛ የፓይተን ስሪት በፓኬጁ (ለመጫን በተዘጋጀው የላይብረሪ ጥቅል) መግለጫ ውስጥ በትክክል መጻፉ ነው። ከተጻፈ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጆች መጫኛው) ያነበውና ለማሽኑ የሚሆነውን የመጨረሻ ስሪት ራሱ መርጦ ያመጣል፣ ተጠቃሚው ምንም ሳያውቅ። ካልተጻፈ ግን አዲሱን ጥሬ ኮድ አውርዶ እዚያው ልገንባው ይላል፣ ኮምፓይለር (ጥሬ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) የለም፣ ከዚያ አንድ ገጽ ሙሉ ቀይ ጽሑፍ። የሞባይል ኢንተርኔት ፓኬጁም በከንቱ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ድጋፉን ስድስት ወር ከሚያራዝምልኝ ይልቅ ይህችን አንድ መስመር አስተካክሎ የሚጽፍልኝን ፕሮጀክት እመርጣለሁ።

በፍላሽ መቀባበልም የራሱ ጣጣ አለው። ኔት ያለው ሰው ፋይሎቹን አውርዶ ለጓደኛው በፍላሽ ይሰጣል፤ የፋይሉ ስም ላይ ሲፒ312 (cp312) የሚል ካለ ግን ለፓይተን 3.12 የተዘጋጀ ነው፣ 3.8 ላይ አይጫንም። ሲያወርዱ የተቀባዩን ማሽን የፓይተን ስሪት ለፒፕ መንገር ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

የላይኛው ወሰን፣ ማለትም ከየትኛው ስሪት በላይ እንደማይፈቀድ መጻፍ፣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ነምፓይ 2.0 በሰኔ 2024 ወጣ፣ ከ2006 ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ የቁጥር ለውጥ። ለነምፓይ 1ኛው ትውልድ ኮምፓይል የተደረጉ ላይብረሪዎች ገና ኢምፖርት ሲደረጉ (ወደ ፕሮግራሙ ሲጠሩ) መውደቅ ጀመሩ። «አቦ፣ ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!» የሚያሰኝ ዓይነት። «ከ2 በታች ብቻ» ብለው አስቀድመው የጻፉ ፕሮጀክቶች ያን ሰሞን ተረፉ። ያ ወሰን ተረስቶ ሲቀር ግን መልሶ ያንቃል፤ አንዱ ላይብረሪ ከ2 በታች፣ ሌላው ከ2 በላይ ካለ ሁለቱን አንድ ላይ መጫን አይቻልም። ስለዚህ የታችኛውን ወሰን ሞክሮ መጻፍ፣ የላይኛውን ግን እንደሚሰበር የታወቀ ነገር ሲኖር ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

ዝቅተኛውን ወሰን ከፍ ማድረግም ሥርዓት አለው። ለትንሽ ጥገና በሚወጣ ስሪት ውስጥ ተሸጉጦ አይመጣም፤ ዋና ወይም እንደ ነምፓይ 1.25 ያለ መካከለኛ ስሪት ሲወጣ ነው የሚደረገው፣ በለውጥ ዝርዝሩም ላይ በግልጽ ይጻፋል። ጊዜው ስለደረሰ ብቻ መጣልም ግዴታ አይደለም። አሮጌው ስሪት ምንም ሳያስቸግር የሚሠራ ከሆነ፣ ይቆይ።

ይህ ሁሉ ለላይብረሪ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ኮድ ሌላ ነገር ነው፣ እዚህ ከተማ የማየው ግራ መጋባትም በአብዛኛው ከዚህ ይነሳል። ላይብረሪ ከሌሎች ጋር አብሮ መጫን ስላለበት ሰፊ ወሰን ይፈልጋል። የመመረቂያ ኮድ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ አማካሪው ሲያስኬደው ያንኑ ግራፍ ማውጣት አለበት፣ ስለዚህ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ስሪት ቆልፎ በፋይል ማስቀመጥ ነው። ኡቡንቱ 22.04 ፓይተን 3.10ን፣ 24.04 ደግሞ 3.12ን ይዞ ስለሚመጣ የፓይተኑም ቁጥር እዚያው ፋይል አናት ላይ ይጻፍ።