ቦርጌ አውስላንድ፦ ሁለቱን የዋልታ ምድሮች ብቻውን ያቋረጠው ኖርዌያዊ

ቦርጌ አውስላንድ በ1962 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኦስሎ ውስጥ ተወለደ። በሰሜን ባሕር ጠላቂ ሠራተኛ ነበር፤ በኖርዌይ ባሕር ኃይል ልዩ ጦርም አገልግሏል። ብዙ ሰው ጉልበቱን ያደንቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዝግጅቱ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ዋልታዎች እንለይ። ደቡብ ዋልታ የብስ ላይ ነው። ሰሜን ዋልታ ግን ባሕር ላይ ስለሆነ፣ የሚረገጠው በረዶ ይሰነጠቃል፣ ይንሳፈፋል፣ ነፋሱም እንዳሻው ይወስደዋል። ቀኑን ሙሉ ስሌድ (በበረዶ ላይ የሚንሸራተት የዕቃ መጫኛ) ሲጎትት የዋለ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ እያለ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል! አውስላንድ በ1990 ከአገሩ ሰው ከኤርሊንግ ካጌ ጋር ከካናዳ በኩል ተነስቶ ሰሜን ዋልታ ደረሰ። በ1994 ደግሞ ከሩሲያ በኩል ብቻውን፣ በመንገድ ላይ ስንቅ ሳይቀበል በ52 ቀን ገባ፤ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ደቡብ ዋልታ ያለባት አህጉር አንታርክቲካ ግን በአንዴ እጅ አልሰጠችም። በ1995 መጨረሻ ከዳር እስከ ዳር ሊሻገራት ተነስቶ ደቡብ ዋልታ ቢደርስም ብርዱ ሰውነቱን አቁስሎት ጉዞውን ሳይጨርስ ተወው። በቀጣዩ ዓመት ተመለሰ። 180 ኪሎ ገደማ ጭነት እየጎተተ፣ ነፋስ ሲመች በሸራ እየታገዘ፣ 2,845 ኪሎ ሜትር በ64 ቀን ጨረሰ። በዚያው ወቅት እንግሊዛዊው ራንልፍ ፋይንስም ሞክሮ በኩላሊት ጠጠር ምክንያት ለማቋረጥ ተገዷል። ያኔ ማቆም ከባድ ነው፤ ግን ቆስሎ የተመለሰ ሰው ነው ሌላ ጊዜ የሚሞክረው።

በ2001 ከሳይቤሪያ እስከ ካናዳ አርክቲክን፣ ማለትም በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያለውን በበረዶ የተሸፈነ ውቅያኖስ፣ ብቻውን በ82 ቀን ተሻገረ። በረዶው ተከፍቶ ውሃ ሲያጋጥመው ዞሮ አይሄድም። ከልብሱ በላይ ውሃ የማያስገባ ቱታ አጥልቆ ይዋኛል፤ ስሌዱ ስለሚንሳፈፍ ከኋላው ይጎትተዋል። በ2006 ከአሳሹ ማይክ ሆርን ጋር በአርክቲክ ክረምት፣ ፀሐይ በማትወጣበት ጨለማ፣ ሰሜን ዋልታ ገባ።

ከዚያ በኋላ የበረዶው መቅለጥ በጉዞዎቹ ላይ በግልጽ ይታያል። ኖርዌያዊው አሳሽ አሙንድሰን የሰሜን ምዕራቡን መተላለፊያ (በካናዳ ሰሜን በኩል የሚያልፈውን የባሕር መንገድ) ለመጨረስ ከ1903 እስከ 1906 ፈጅቶበታል። አውስላንድ በ2010 ከባልደረባው ጋር በትንሽ የሸራ ጀልባ ያንንም፣ በሩሲያ ሰሜን በኩል የሚያልፈውን የሰሜን ምሥራቁንም በአንድ ወቅት ዞረ። በ2019 ከሆርን ጋር በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) አርክቲክን ሲያቋርጡ በረዶው ስስና ተንሳፋፊ ሆኖ ስላጓተታቸው ስንቃቸው ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ሁለት ኖርዌያውያን ምግብ ይዘው በበረዶው ላይ ሄደው አገኟቸው።