አክቲቬትድ ካርቦን ምንድን ነው?

እንጀራ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይኑን ነው። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ጋዝ የሚይዝ ከሰልም የሚመዘነው በዓይኑ፣ ማለትም በቀዳዳው ነው፤ ልዩነቱ የከሰሉ ዓይኖች በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ መሆናቸው ነው። ብዙዎቹ ከሁለት ናኖሜትር ይጠብባሉ፤ ይህም የአንድ ሚሊሜትር አምስት መቶ ሺኛ ማለት ነው።

የጋዝ ቅንጣቶች የሚለጠፉት በእነዚህ ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ነው። ስፖንጅ ውሃ ሲመጥ እያሰቡ ይህን ለመረዳት መሞከር ያሳስታል፤ ጋዙ ከከሰሉ ጋር አይዋሐድም፣ ገጹን ይዞ ይቀራል እንጂ። ስለዚህ ሁሉም ነገር የገጽ ጉዳይ ነው። የአንድ ግራም ከሰል የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር መሙላቱ የተለመደ ነው።

ሥራው ሁለት እሳት ይጠይቃል። መጀመሪያ የኮኮናት ቅርፊት፣ እንጨት ወይም የቡና ገለፈት ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ይከስላል። እስከዚህ ድረስ ከማገዶ ከሰል ብዙም አይለይም፤ ዓይኖቹ ሬንጅ በመሰለ ቅሪት ተደፍነዋል። ዓይን የሚያወጣለት ሁለተኛው እሳት ነው፦ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት እንፋሎት ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፍስበት ከሰሉ ከውስጥ እየተበላ ይቦረቦራል። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከሚባል ኬሚካል ጋር ቀላቅለው የሚያግሉትም አሉ፤ በዚህ መንገድ የአንዱ ግራም ገጽ እስከ 3000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ዓይኑ በበዛ ቁጥር ከምድጃ የሚወጣው ከሰል ያንሳል፤ ጠባቡ ቀዳዳም እየሰፋ ይሄዳል።

ገጹ የሚለካው በናይትሮጅን ነው። ናሙናው በሙቀትና በቫኪዩም ከእርጥበት ይጸዳል፤ ከዚያ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እስከ −196 ዲግሪ ይቀዘቅዝና ናይትሮጅን ጋዝ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቅበታል። በየግፊቱ የተለጠፈው መጠን ከተመዘገበ በኋላ ሳይንቲስቶቹ ብሩናወር፣ ኤሜትና ቴለር በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጡት ቀመር ገጹ ይሰላል። (ቴለር ኋላ በሃይድሮጅን ቦምብ ስሙ የገነነው ሰው ነው።)

ብዙዎች በዚህ ቁጥር መፎካከር ይወዳሉ። እኔ ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ የመጣን ከሰል አላምንም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በተራ የአየር ግፊት አጥብቆ የሚይዘው ከአንድ ናኖሜትር የጠበበ ቀዳዳ ነው፤ በዚያ ውስጥ ቅንጣቷን ግራና ቀኙ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ይስባታል። ሰፊ ቀዳዳ ገጹን ቢያበዛም ለዚህ ሥራ እምብዛም አይረዳም። ፈተናው መሆን ያለበት በሚፈለገው ጋዝ ራሱ፣ ከሰሉ በሚሠራበት ሙቀትና ግፊት፣ አስይዞ አስለቅቆ ደግሞም አስይዞ ነው።

ምርጫው የጋዙም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ኒኮላይ ዘሊንስኪ በከሰል የሚሠራ ጭምብል አዘጋጀ። አሜሪካኖችም በ1918 እ.ኤ.አ. ለጋዝ ጭምብል ከሰል የሚሆን የኮክ ዘር ከሕዝብ ሰብስበዋል። ክሎሪን በቀላሉ ይለጠፋል። ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በክፍል ሙቀት ከሰሉ ላይ አይረጋም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የሚተኛን ሰው ይህ ጭምብል አያድነውም።