ቤት ለቤት የወንጌል ስርጭትና የአዲስ አጥቢያ ምሥረታ በሰሜን ሸዋ

ቤት ለቤት የወንጌል ስርጭት ሰባኪዎች በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንደተጻፈው ሁለት ሁለት ሆነው ከደጅ ደጅ እየዞሩ የሚመሰክሩበት የወንጌላውያን አማኞች ልማድ ሲሆን፣ የተቀበሉትን ሰብስቦ አዲስ አጥቢያ ማቋቋም የዚሁ ሥራ ቀጣይ እርከን ነው። ሰሜን ሸዋ ግን ክርስትናን ያልሰማ አገር አይደለም። ቡልጋ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የትውልድ ስፍራ ናት፤ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራም ከዞኑ ሕዝብ ከ94 በመቶ በላይ የሚሆነው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነበር።

ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ መጥቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቢቀበሉትም፣ በ1842 ከወጣ በኋላ ተመልሶ እንዳይገባ ተከልክሏል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ድንጋጌም ሕዝቡ በብዛት ኦርቶዶክስ በሆነባቸው አካባቢዎች ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ሕክምና እንዲሰጡ ፈቅዶ ሃይማኖት ማስለወጥን ከለከለ። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው አምልኮው በየመኖሪያ ቤቱ በኅቡዕ ሲካሄድ ቆየ፤ ሃይማኖትን የመግለጽና የማስተማር መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ተረጋገጠ።

በገጠሩ ጉብኝት የሚመቸው በሬ በማይጠመድበት የወር በዓል፣ ለምሳሌ በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ነው፤ ሰባኪው ገበሬውን ቤቱ የሚያገኘው ገበሬው ባከበረው ታቦት ምክንያት መሆኑ ያስገርማል። «ቤቶች!» ብሎ የተጣራ እንግዳ «ግቡ» መባሉ አይቀርም፤ መደብ ላይ ተቀምጦ ቡናው እስኪፈላ ይደመጣል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ «እኛማ የአባቶቻችን ሃይማኖት አለን» የሚል ነው። ደጅ መከፈቱን እንደ እሺታ የሚቆጥር ሰባኪ የአገሩን የእንግዳ አቀባበል አያውቅም ማለት ነው።

አዲስ አጥቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ አማኝ ሳሎን በሚደረግ የቤት ኅብረት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቤት ይከራያል፣ ከዚያም የአምልኮ ቦታ ይጠየቃል። ከስብከቱ ይልቅ የሚከብደው ማኅበራዊው ኑሮ ነው። ማተቡን የበጠሰ ሰው ከሰንበቴውና ከጽዋ ማኅበሩ ይወጣል፤ በዕድሩ ቢቆይም ሲሞት በደብሩ ግቢ ስለማይቀበር፣ ጥቂት አባወራዎች ያሉት ጀማሪ አጥቢያ ከጸሎት ቤቱ ቦታ ጋር የመቃብር ቦታም ለማግኘት ማዘጋጃ ቤት ይመላለሳል።